የሕዋሳት መጋጠሚያዎች፦ የሚያያይዘውና የሚያነጋግረው በእርግጥ የተለያየ ነውን?

ባዮ_አስተማሪ ጽፏል፦

ጤና ይስጥልኝ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ የማስተምር ነኝ። የእንስሳት ሕዋሳት እርስ በርስ ስለሚገናኙባቸው መጋጠሚያዎች ስናስተምር ብዙዎቻችን ሰሌዳ ላይ የምንጽፈው ሠንጠረዥ አንድ ዓይነት ነው። ጥብቅ መጋጠሚያ በሕዋሳት መካከል ፈሳሽ ሾልኮ እንዳያልፍ ይዘጋል፤ አድኸረንስ መጋጠሚያና ዴስሞሶም ሕዋሳቱን አያይዘው ያቆማሉ፤ ጋፕ ጃንክሽን ደግሞ ከአንዱ ሕዋስ ወደ ሌላው መልእክት ያሳልፋል። ተማሪዎች ይሸመድዱታል፣ ፈተና ላይም ይመልሱታል፣ ነገሩ በዚያው ያበቃል።

ሰሞኑን ግን ስለ ናክሶስ በሽታ ሳነብ ይህ ሠንጠረዥ ሊመልሰው የማይችል ነገር ገጠመኝ። (ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ናክሶስ በኤጂያን ባሕር ውስጥ ያለች የግሪክ ደሴት ስትሆን፣ በሽታው በደሴቲቱ ቤተሰቦች ላይ ታይቶ በ1986 በሕክምና ጽሑፍ የተመዘገበ፣ በዘር የሚተላለፍ ሕመም ነው። የሕሙማኑ ጠጉር ከልደት ጀምሮ ድርቅና ጥቅልል ያለ ነው፤ በእጃቸው ዕቃ መያዝና በእግራቸው መሄድ ሲጀምሩ የመዳፋቸውና የውስጥ እግራቸው ቆዳ እየወፈረ ይመጣል፤ በጉርምስና ዕድሜ ደግሞ የልብ ምታቸው መዛባት ይጀምራል፣ ከእነርሱም መካከል በድንገት የሚሞቱ አሉ። በ2000 የታወቀው መንስኤ ፕላኮግሎቢን ለተባለው ፕሮቲን መሥሪያ በሆነው ዘረ መል ላይ የሁለት ኑክሊዮታይዶች መጉደል ነው። ፕላኮግሎቢን የዴስሞሶም አካል ነው።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። የዴስሞሶም ሥራ ማያያዝ ብቻ ከሆነ፣ እርሱ ሲጎድል ልብ መላላት ወይም መድከም ይገባዋል እንጂ ምቱ ለምን ይዛባል? የኤሌክትሪኩን ምልክት ከሕዋስ ወደ ሕዋስ የሚያሳልፈው ጋፕ ጃንክሽን ነው፤ የእርሱ ዘረ መል ደግሞ አልተነካም። በተጨማሪም አንድ ተማሪዬ «ሕዋሳት ጡብ ናቸው፣ መጋጠሚያዎቹም ሲሚንቶ» ብሎ ጽፏል። ይህ ምሳሌ ምን ያህል ያስኬዳል?


ሂስቶ_መምህር መለሰ፦

መምህር፣ ሠንጠረዡ የተሳሳተ አይደለም፤ የተወሰደበትን ቦታ ማስታወስ ግን ያስፈልጋል። በ1963 ማሪሊን ፋርካርና ጆርጅ ፓላዴ የሽፋን ኅብረ ሕዋሳትን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ፣ በሁለት ጎረቤት ሕዋሳት መካከል ከላይ ወደ ታች በቋሚ ቅደም ተከተል የተደረደሩ ሦስት ክፍሎችን ገለጹ። አንጀትን ብንወስድ፣ ምግብ ከሚያልፍበት ክፍት ቦታ አጠገብ የሁለቱ ሕዋሳት ሽፋን የሚነካካበት ጥብቅ መጋጠሚያ ይገኛል፤ ከሥሩ ሕዋሱን ዙሪያውን የሚከበው አድኸረንስ መጋጠሚያ አለ፤ ከዚያ ወደ ታች ደግሞ እዚህም እዚያም ነጠብጣብ ሆኖ የሚታየው ዴስሞሶም ይከተላል። በአንጀት ሽፋን ላይ እያንዳንዱ የራሱ ስፍራ ስላለው ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ሥራ ሰጥቶ ሠንጠረዥ መሥራት ቀላል ሆነ።

ልብ ላይ ይህ ሥርዓት የለም። አንድ የልብ ጡንቻ ሕዋስ ርዝመቱ 100 ማይክሮሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከሚቀጥለው ሕዋስ ጋር ጫፍ ለጫፍ የሚገናኘው ኢንተርካሌትድ ዲስክ በሚባለው ስፍራ ነው። ይህ ስፍራ ቀጥ ያለ ግድግዳ ሳይሆን ደረጃ ደረጃ የሠራ ነው። ጡንቻው የሚጎተትበትን አቅጣጫ አቋርጦ በሚያልፈው የደረጃው ክፍል አያያዦቹ በብዛት ይሰለፋሉ፤ ከጡንቻው ርዝመት ጋር ጎን ለጎን በሚሄደው ክፍል ደግሞ ትልልቆቹ ጋፕ ጃንክሽኖች ይቀመጣሉ። አቀማመጡ ራሱ ብዙ ይናገራል፤ መተላለፊያዎቹ ጉተታው በቀጥታ በማያገኛቸው ገጽ ላይ ነው ያሉት። ከዚህም በላይ በልብ ውስጥ የአድኸረንስ መጋጠሚያና የዴስሞሶም ፕሮቲኖች ተደባልቀው በአንድ ስፍራ ስለሚገኙ፣ በአንጀት ላይ የምናየው የጠራ ድንበር እዚህ የለም።

ልኬቱንም ልብ እንበል። በጋፕ ጃንክሽን ስፍራ የሁለቱ ሕዋሳት ሽፋን ተራርቆ የሚገኘው ከ2 እስከ 4 ናኖሜትር ብቻ ነው። በዴስሞሶም ስፍራ ክፍተቱ 30 ናኖሜትር ያህል ይሆናል። በየሴኮንዱ ገደማ የሚኮማተርና የሚለጠጥ ጡንቻ ውስጥ ሁለት ሽፋኖች በ3 ናኖሜትር ርቀት ተጠጋግተው እንዲቆዩ፣ ጉተታውን ሌላ ነገር ሊሸከምላቸው ግድ ይላል። ለጥያቄዎ የመልሱ ግማሽ እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ግማሹን ለልብ ሐኪሞች እተዋለሁ።


ልብ_ሬዚደንት መለሰች፦

የቀረውን ግማሽ ልሞክር። በጋፕ ጃንክሽን ስፍራ ስድስት የኮኔክሲን ፕሮቲኖች ተሰብስበው ኮኔክሶን የሚባል ግማሽ መተላለፊያ ይሠራሉ፤ ከጎረቤት ሕዋስ የመጣው ሌላው ግማሽ ሲገጥመው ስፋቱ 1.5 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ሙሉ መተላለፊያ ይከፈታል። በዚህ በኩል ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ ካልሲየም፣ እንዲሁም ክብደታቸው ከ1000 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ገደማ ያልበለጠ ትናንሽ ሞለኪውሎች ያልፋሉ፤ ፕሮቲንና ዲኤንኤ አያልፉም። በልብ ታችኛ ክፍሎች ጡንቻ ውስጥ ዋነኛው ኮኔክሲን 43 ነው። የልብ ምት ከሕዋስ ወደ ሕዋስ የሚሄደው በእነዚህ መተላለፊያዎች በሚፈሱ አዮኖች ነው።

ቁም ነገሩ ኮኔክሲን 43 ረጅም ዕድሜ የሌለው መሆኑ ነው። በአይጥ ልብ ላይ በተደረገ ልኬት ግማሽ ዕድሜው (ካለው ፕሮቲን ግማሹ የሚፈርስበት ጊዜ) ከሁለት ሰዓት ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ልብ እነዚህን መተላለፊያዎች ቀንና ሌሊት እያፈረሰ ይሠራል ማለት ነው። ስለዚህ የኮኔክሲን ዘረ መል ጤነኛ ሆኖ ፕሮቲኑ በበቂ መጠን ቢመረትም፣ የሚያርፍበትና የሚረጋበት ስፍራ ከታጣ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከዲስኩ ላይ ይመናመናል። ከናክሶስ ሕሙማን በተወሰዱ የልብ ናሙናዎች ላይ የታየውም ይኸው ነው፤ ኮኔክሲን 43 በዲስኩ ላይ እጅግ ቀንሶ ተገኝቷል፤ ያውም የጡንቻው መጥፋት ገና ባልታየበት ሕመምተኛ ጭምር። የዚህ ምርመራ ውጤት የታተመው በ2004 ነው።

ናክሶስ ብቻውን የቆመ በሽታ አይደለም። ከዴስሞሶም ጉድለት የሚመጡ የልብ ምት መዛባቶች አሪትሞጀኒክ ካርዲዮማዮፓቲ በሚል አንድ ስም ተጠቃለው ይታወቃሉ፤ ከእነዚህ መካከል በብዛት የሚገኘው ፕላኮፊሊን 2 የተባለው የሌላ ዴስሞሶም ፕሮቲን ዘረ መል ጉድለት ነው። የሚገርመው፣ በላብራቶሪ ፕላኮፊሊን 2 እንዲቀንስ የተደረገባቸው የልብ ሕዋሳት የሶዲየም ፍሰታቸውም አብሮ ይቀንሳል። የሶዲየም ቻናሉም የሚሰበሰበው በዚያው በዲስኩ ላይ ነውና። አያያዡን ስንነካ መተላለፊያውም ቻናሉም አብረው ይናጋሉ።

በሽታው ሲገፋ የሞቱት የጡንቻ ሕዋሳት ስፍራ በስብና በጠባሳ ይሞላል፤ ይህም ለብቻው ምትን ያዛባል። ከባድ የስፖርት ውድድር ሕመሙን እንደሚያፋጥነው ስለታወቀ ጉድለቱ ያለባቸውን ሰዎች ከውድድር እንዲቆጠቡ እንመክራለን። ጉተታ የሚበዛበት አካል መሆኑ፣ ቆዳና ልብ ለምን በአንድነት እንደሚታመሙም ያስረዳል።


ሞጋች_ፊዚዮ መለሰ፦

የቀረቡትን መረጃዎች እቀበላለሁ፤ ከእነርሱ የሚወሰደው ድምዳሜ ግን ከልኩ እንዳያልፍ እሰጋለሁ። አንድ ነገር ለሌላው መቆም አስፈላጊ መሆኑና የሌላውን ሥራ መሥራቱ የተለያዩ ናቸው። ዴስሞሶም ሲጎድል ጋፕ ጃንክሽን ይቀንሳል፤ መልካም። ይህ ግን ዴስሞሶም መልእክት ያስተላልፋል አያሰኝም። ደም ሲጎድል አንጎል ይደክማል፤ ደም ያስባል አንልም። መልእክት ማስተላለፍ ስንል ከአንድ ሕዋስ ወደ ሌላው የሚሄድ፣ ተቀባዩን የሚለውጥ ነገር መኖር አለበት። በጋፕ ጃንክሽን በኩል ይህ በቀጥታ ታይቷል። ኤድዊን ፈርሽፓንና ዴቪድ ፖተር በ1959 በክሬይፊሽ የነርቭ ሕዋሳት መካከል የኤሌክትሪክ ምልክት ያለ ኬሚካል አስተላላፊ ሲያልፍ ለክተዋል። ለአያያዦቹ ይህን የሚመስል ማስረጃ ካለ ባየው ደስ ይለኛል። ካልሆነ የመምህሩ ሠንጠረዥ እንዳለ ይቆይ፤ ከሥሩ አንድ መስመር ማብራሪያ ብቻ ይጨመርበት።


ስቶክሆልም_ላብ መለሰች፦

ወንድሜ ሞጋች የጠየቁት ማስረጃ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱን ከሌላው ለይቼ ላቅርበው።

የመጀመሪያው ስለ ቅደም ተከተል ነው። ሕዋሳትን በሳህን ላይ የሚያሳድግ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ሕዋሳቱን ለማንሣት ትሪፕሲን የተባለውን ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይምና ኢዲቲኤ የተባለውን ኬሚካል ስንጨምር፣ ኢዲቲኤ ካልሲየምን ከፈሳሹ ውስጥ ይይዘዋል። በማይክሮስኮፕ እያየን በሕዋሳቱ መካከል የነበረው ቀጭን ድንበር ነጣ ብሎ ይከፈታል፤ የተዘረጋው ጠርዛቸው ወደ ውስጥ ይሰበሰባል፤ በደቂቃዎች ውስጥ እያንዳንዱ ሕዋስ ለብቻው ክብ ሆኖ ሳህኑን በጥቂቱ ሲዘዋወሩት ይንሳፈፋል። ካድሄሪን የተባሉት አያያዥ ፕሮቲኖች ቅርጻቸውን ጠብቀው የሚቆሙት በካልሲየም ነው፤ ይህን ቤተሰብ ለይቶ ያሳወቀው ጃፓናዊው ማሳቶሺ ታኬይቺ ነው። ኩርት ኸርብስት ደግሞ ፕሮቲኑ ከመታወቁ ብዙ ዐሥርት ዓመታት በፊት፣ በ1900፣ የባሕር ኧርቺን ሽል ካልሲየም በሌለው የባሕር ውኃ ውስጥ ሲገባ ሕዋሳቱ እንደሚበታተኑ አሳይቷል።

ኤስ-180 የሚባሉ የአይጥ ካንሰር ሕዋሳት አሉ። ኮኔክሲን 43 ያመርታሉ፤ ነገር ግን እርስ በርስ በደንብ ስለማይያያዙ መተላለፊያ አይሠሩበትም። በ1990 በታተመ ሥራ እንደተገለጸው፣ ለእነዚህ ሕዋሳት የካድሄሪን ዘረ መል ብቻ ሲሰጣቸው ተያያዙ፤ ተያይዘውም አልቀሩም፣ ቀድሞ የነበራቸውን ኮኔክሲን ወደ ሙሉ ጋፕ ጃንክሽን ለወጡት። ይህን የመሰለ ሥራ የሚፈተነው በቀለም ነው። ሉሲፈር የሎ የሚባለው ቀለም ክብደቱ 500 ዳልተን አይሞላም። በቀጭን የመስታወት መርፌ ወደ አንድ ሕዋስ ብቻ ሲገባ፣ መተላለፊያ ካለ ጎረቤቶቹ በየተራ በቢጫ ብርሃን ይደምቃሉ፤ ከሌለ አንዱ ሕዋስ ብቻውን እንደበራ ይቀራል። እስከዚህ ድረስ ያለው ወንድሜ እንዳሉት ለመተላለፊያው መቆሚያ መሆን ነው፤ አልከራከርም።

ሁለተኛው ግን ወደ እርስዎ መስፈርት ይደርሳል። በአድኸረንስ መጋጠሚያ ላይ ካድሄሪን ከውስጥ ካቴኒን ከተባሉ ፕሮቲኖች ጋር፣ እነርሱም የሕዋሱን ቅርጽ ከሚይዙት የአክቲን ክሮች ጋር የተያያዙ ናቸው። ጎረቤቱ ሕዋስ ሲጎትት አልፋ ካቴኒን የተባለው ፕሮቲን ተለጥጦ ቅርጹ ይለወጣል፤ ቀድሞ ተሸፍኖ የነበረ ክፍሉ ይገለጥና ቪንኩሊን የተባለ ሌላ ፕሮቲን መጥቶ ይያዝበታል፤ በዚህም ምክንያት በስፍራው ተጨማሪ አክቲን ይሰበሰባል። ከአንዱ ሕዋስ ወጥቶ ወደ ሌላው የደረሰ ነገር አለ፣ እርሱም ጉተታ ነው፤ ተቀባዩም ተለውጧል። በመተላለፊያ የሚያልፍ አዮን ባይሆንም መስፈርትዎን ያሟላል ብዬ አምናለሁ። ቤታ ካቴኒንም እንዲሁ በመጋጠሚያው ላይ ታስሮ የሚሠራ ሲሆን፣ በሌላ ጊዜ ወደ ሕዋሱ ኒውክሊየስ ገብቶ ዘረ መሎችን ከሚያሠሩት ፕሮቲኖች ጋር የሚሠራ ነው።


ሞጋች_ፊዚዮ መለሰ፦

የአልፋ ካቴኒኑን እቀበላለሁ፤ ጉተታም መልእክት ነው። የቤታ ካቴኒኑን ግን በጥንቃቄ እንያዘው። ወደ ኒውክሊየስ የሚገባው በአብዛኛው ዊንት በተባለው የሕዋሳት የምልክት መንገድ አማካይነት ከመፍረስ የተረፈው ክፍል ነው እንጂ ከመጋጠሚያው የተላቀቀው ነው ብሎ በጅምላ መናገር አይቻልም።


ቆዳ_ሐኪም መለሰ፦

ከልብ ወደ ቆዳ ልመልሳችሁ፤ መያያዝ ሲጠፋ በዓይን የሚታየው እዚህ ነውና። ፔምፊገስ ቩልጋሪስ በሚባለው በሽታ ሰውነት ራሱ የሚሠራቸው ፀረ እንግዳ አካላት ዴስሞግሊን 3 የተባለውን የዴስሞሶም ፕሮቲን ያጠቃሉ። ዴስሞግሊን 3 በአፍ ውስጥ ሽፋንና በቆዳ የላይኛው ንጣፍ ጥልቅ ክፍል ስለሚበዛ፣ ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በአፍ ቁስል ነው። ሕመምተኛው ለረጅም ጊዜ የአፍ ቁስል ሲታከም ይቆይና ቆዳው ላይ ሽፋኑ ስስ የሆነ፣ ሳይነኩት የሚፈነዳ ውኃ ያዘለ እብጠት ሲወጣ ወደ እኛ ይመጣል። ጤነኛ በሚመስለው ቆዳ ላይ፣ ከቁስሉ አጠገብ፣ በአውራ ጣት ጫን ብለን ወደ ጎን ስንገፋ የላይኛው ንጣፍ ተንሸራቶ ይላቀቅና ከሥሩ ቀይ፣ እርጥብ ሥጋ ይታያል። ኒኮልስኪ ምልክት የምንለው ይህን ነው።

ናሙናው በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ ከታች ያሉት ሕዋሳት ከወለላቸው ሳይነቀሉ በረድፍ እንደቆሙ ናቸው፤ የተላቀቁት ከላያቸው ካሉት ነው። ምክንያቱም ሕዋስን ከሥሩ ካለው ንጣፍ ጋር የሚይዘው ሄሚዴስሞሶም የተለየ ፕሮቲን ስላለው አልተነካም። እርሱ ሲጠቃ የሚመጣው በሽታ ሌላ ነው፤ ቡለስ ፔምፊጎይድ ይባላል፤ የሚወጣው እብጠትም ወፍራምና ውጥር ያለ፣ በቀላሉ የማይፈነዳ ነው። ተማሪዎች በዴስሞሶምና በሄሚዴስሞሶም መካከል ያለውን ልዩነት የሚይዙት በዚህ ነው።

ዴስሞግሊን 1 ደግሞ የሚበዛው ከላይ ባለው የቆዳ ክፍል ነው። ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ የተባለው ባክቴሪያ በሕፃናት ቆዳ ላይ ውኃ የሚቋጥር ቁስል ሲያመጣ የሚጠቀምበት መርዝ ይህንኑ ዴስሞግሊን 1ን ለይቶ የሚቆርጥ ኢንዛይም ነው። ባክቴሪያውም ፀረ እንግዳ አካሉም በአንድ የፕሮቲን ቤተሰብ፣ በዴስሞግሊኖች ላይ መገናኘታቸው የሚያስደንቅ ነው። የሕፃናቱ ቁስል በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ይድናል። ፔምፊገስ ግን ኮርቲኮስቴሮይድ ከመምጣቱ በፊት አብዛኛውን ጊዜ ገዳይ ነበር፤ ዛሬም ለሳምንታትና ለወራት ፕሬድኒሶሎን የተባለውን ኮርቲኮስቴሮይድ ይፈልጋል።

የሲሚንቶው ምሳሌ እዚህ ላይ ይወድቃል። ሲሚንቶ አንዴ ከደረቀ አይለወጥም። ዴስሞሶም ግን ቁስል ሲፈጠር በጠርዙ ባሉ ሕዋሳት ላይ ይላላል፣ ሕዋሳቱም ተንቀሳቅሰው ቁስሉን ይሸፍናሉ፣ ከዚያ መልሶ ይጠነክራል። መያያዙ ራሱ በትእዛዝ የሚጠብቅና የሚላላ ነገር ነው።


የሕፃናት_ነርስ ጠየቀች፦

ውይይታችሁን በጥሞና ተከታተልሁ። ወደ ጥብቅ መጋጠሚያ ልውሰዳችሁና አንድ ነገር ልጠይቅ። በኮሌራ ወረርሽኝ ጊዜ ሕፃኑ በሰዓታት ውስጥ ብዙ ውኃ ያጣል። እናቶች «አንጀቱ ተቀደደ ወይ? መጋጠሚያው ተበጠሰ ወይ?» የሚል ዓይነት ጥያቄ ያነሣሉ። ተበጥሶ ከሆነ ሕይወት አድን ንጥረ ነገሩ በአፍ ሲሰጥ እንዴት ሊመጠጥ ቻለ? እኛ ኦአርኤሱን በጥብጠን በማንኪያ እየሰጠን ልጁ ሲነቃ እናያለን፤ ምክንያቱን በተገቢው መንገድ ለማስረዳት ግን እቸገራለሁ።


ሂስቶ_መምህር መለሰ፦

እኅታችን፣ በኮሌራ አንጀቱ አልተቀደደም፤ ሕዋሳቱም በቦታቸው ናቸው። የኮሌራ መርዝ ወደ ሕዋሱ ገብቶ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለውን የውስጥ መልእክተኛ ከልክ በላይ እንዲበዛ ያደርጋል፤ በዚህ ምክንያት ሕዋሱ ክሎራይድን ያለማቋረጥ ወደ አንጀቱ ክፍት ቦታ ይለቅቃል። ክሎራይድ ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላለው ሶዲየምን ይስባል። ሶዲየሙ ተከትሎ የሚወጣው በሕዋሱ ውስጥ ሳይሆን በሕዋሳቱ መካከል፣ በጥብቅ መጋጠሚያው በኩል ነው። ውኃውም ሁለቱን ይከተላል።

«ጥብቅ ከሆነ ሶዲየም እንዴት ያልፋል?» ማለትዎ አይቀርም። በሠንጠረዡ ላይ «ይዘጋል» የሚለው ቃል የሚያጎድለው ይህን ነው። የጥብቅ መጋጠሚያ ዋና ፕሮቲኖች ክላውዲኖች ናቸው፤ በ1998 በጃፓን በሾይቺሮ ጹኪታ ላብራቶሪ የተለዩ ናቸው። ከዚያ በፊት በዚያው ላብራቶሪ የተገኘው ኦክሉዲን ዋናው ፕሮቲን ይመስል ነበር፤ ይሁን እንጂ ኦክሉዲን የሌላቸው ሕዋሳትም ጥብቅ መጋጠሚያ መሥራታቸው ሌላ ፕሮቲን መኖሩን አመለከተ። ክላውዲኖች ዓይነታቸው ብዙ ነው፤ አንዳንዶቹ የሚዘጉ፣ አንዳንዶቹ የተመረጠ አዮን የሚያሳልፉ ናቸው። ክላውዲን 2 ሶዲየምን የመሰሉ ፖዘቲቭ አዮኖችን ያሳልፋል። በኩላሊት ውስጥ ያለው ክላውዲን 16 ሲጎድል ማግኒዥየም በሽንት ይባክናል፣ ኩላሊቱም ውስጥ ካልሲየም ይከማቻል። በአንጎል ውስጥ ባሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ደግሞ መጋጠሚያው እጅግ ጥብቅ ነው፤ ብዙ መድኃኒቶች ከደም ወደ አንጎል የማይገቡበት አንዱ ምክንያት እርሱ ነው።

ወደ ኦአርኤስ ልመለስ። የኮሌራ መርዝ ያልነካው አንድ በር አለ። ከአንጀቱ ክፍት ቦታ ሶዲየምንና ግሉኮስን አንድ ላይ ወደ ሕዋሱ የሚያስገባው ተሸካሚ ፕሮቲን በበሽታው ጊዜም ይሠራል፤ ለአንድ የግሉኮስ ሞለኪውል ሁለት የሶዲየም አዮኖችን ያስገባል። ሶዲየምና ግሉኮስ ሲገቡ ውኃ ይከተላቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2002 ጀምሮ የሚመክረው ድብልቅ በአንድ ሊትር ውኃ 2.6 ግራም የገበታ ጨው፣ 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድና 2.9 ግራም ሲትሬት የያዘ ሲሆን፣ የሶዲየምና የግሉኮስ መጠኑ እኩል 75 ሚሊሞል ነው። ስለዚህ ለእናቶቹ አንጀቱ እንዳልተቀደደ፣ ውኃ ማስገባትም እንደሚችል፣ የሚያስገባው ግን ጨውና ስኳር በልኩ አብረው ሲሰጡት እንደሆነ ቢነግሯቸው ከእውነቱ አይርቁም። ብዙ ስኳር መጨመር ግን ውኃን ወደ አንጀት ስለሚስብ ተቅማጡን ያብሳል፤ ፓኬቱ በተጻፈበት ልክ መበጥበጥ ያለበትም ለዚህ ነው።


የሕፃናት_ነርስ ጻፈች፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ መምህር። የስኳሩን ነገር በተለይ እፈልገው ነበር፤ ቤት ውስጥ እየጨመሩ የሚሰጡ አሉ።


አዋላጅ መለሰች፦

ከእኛም ዘርፍ አንድ ልጨምር። በእርግዝና ወራት የማሕፀን ጡንቻ ሕዋሳት በጋፕ ጃንክሽን የሚገናኙት በጥቂቱ ነው፤ ስለዚህ እዚህና እዚያ የሚነሣ መኮማተር በያለበት ይቀራል። ምጥ ሲቃረብ ኮኔክሲን 43 በብዛት ይመረታል፤ ጡንቻውም ሙሉ በሙሉ አብሮ መኮማተር ይችላል። ሕዋሳቱ በዘጠኙም ወር ተያይዘው ነበር፤ ወቅት ጠብቆ የመጣው መነጋገሩ ነው። የወንድማችን የሞጋች ልዩነት እዚህ ላይ የሚሠራ ይመስለኛል።


ሞጋች_ፊዚዮ መለሰ፦

አመሰግናለሁ፤ ከእኔ የተሻለ ምሳሌ ነው። ለማጠቃለል ሳይሆን ለመምህሩ እንዲጠቅም ያህል፦ መያያዝ ያለ መነጋገር ሊኖር ይችላል፣ ማሕፀን እንዳሳየን። በሳህን ያሉት ኤስ-180 ሕዋሳትና የናክሶስ ልብ ያሳዩን ደግሞ መነጋገር ያለ መያያዝ እንደማይዘልቅ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ግንኙነት በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ ነው።


ስቶክሆልም_ላብ መለሰች፦

በዚህ አነጋገር እስማማለሁ፤ አንድ ገደብ ብቻ ላክልበት። የነርቭ ሕዋሳት በኬሚካል ሲነጋገሩ፣ ሆርሞንም በደም ሲሄድ መያያዝ አያስፈልገውም። እያወራን ያለነው በቀጥታ ከሕዋስ ወደ ሕዋስ ስለሚያልፈው ብቻ ነው።


ባዮ_አስተማሪ ጽፏል፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሠንጠረዡን አልጥለውም፤ «ዋና ሥራ» ከሚለው ዓምድ ቀጥሎ «ሲጎድል ሌላ ምን ይናጋል» የሚል ዓምድ እጨምርበታለሁ፤ የመጀመሪያው ምሳሌም ከአንጀት ሳይሆን ከልብ ይሆናል። አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። የልብ ሕዋሳት ሁሉ በመተላለፊያ የተገናኙ ከሆኑ፣ በልብ ድካም (ደም በተቋረጠበት ስፍራ) አንድ ሕዋስ ሲሞት ጉዳቱ በመተላለፊያው በኩል ለሌሎቹ ሁሉ ለምን አይዳረስም? በተጨማሪም ትምህርት ቤታችን የልብ ጡንቻ ስላይድ አለው፤ ዲስኩን በተራ ማይክሮስኮፕ ማሳየት ይቻላል?


ልብ_ሬዚደንት መለሰች፦

መተላለፊያው ስለሚዘጋ ነው። የሞተ ሕዋስ ሽፋኑ ሲቀደድ ከውጭ ካልሲየም ይጎርፍበታል፣ ውስጡም አሲድ እየሆነ ይሄዳል፤ ኮኔክሲኖች ለሁለቱም ስለሚዘጉ ጤነኛው ጎረቤት ከጉዳተኛው ይለያል። የዚህ ክስተት ውጤት ኮኔክሲን ከመታወቁ ብዙ ቀደም ብሎ ታይቷል፤ ቴዎዶር ኤንገልማን በ1870ዎቹ የተቆረጠ የልብ ጡንቻ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከቁስሉ ጋር ያለውን የኤሌክትሪክ ግንኙነት አቋርጦ እንደሚያገግም ገልጿል። መዘጋቱ ግን ሁልጊዜ ፈጣንና ፍጹም አይደለም። በጥቃቱ ጠርዝ ላይ ያሉ፣ ግማሽ የተጎዱ ሕዋሳት በከፊል ተገናኝተው ስለሚቆዩ ምልክቱን ያዘገዩታል፤ ከልብ ጥቃት በኋላ ለሚመጡ የምት መዛባቶች አንዱ ምንጭ ይህ ጠርዝ ነው።

አንድ ቃል ላስተካክል፤ ደም የተቋረጠበትን ስፍራ በተመለከተ እኛ የልብ ጥቃት እንላለን፤ የልብ ድካም ልብ በቂ ደም መርጨት ሲያቅተው የሚባለው ነው።


ሂስቶ_መምህር መለሰ፦

ስላይዱ በተራ ማይክሮስኮፕ ይበቃል። በርዝመቱ የተቆረጠ ናሙና ይምረጡ፤ በአግድሙ የተቆረጠው ላይ ዲስክ አይታይም። በ10 እጥፍ ሌንስ ቃጫዎቹ ቅርንጫፍ የሚያወጡበትን ስፍራ ፈልጉ፤ ከዚያ ወደ 40 እጥፉ ተሻገሩ። ተማሪዎች መጀመሪያ የሚያዩት ጡንቻውን የሚያቋርጡ፣ በ2 ማይክሮሜትር ገደማ ርቀት የተደረደሩ ስስ መስመሮችን ነው፤ እነዚህ የጡንቻው የመኮማተሪያ ክፍሎች እንጂ ዲስክ አይደሉም። ዲስኩ ከእነርሱ የጠቆረና የወፈረ ነው፤ ሩቅ ለሩቅ ይገኛል፤ አንዱን ይዘው ማተኮሪያውን በጣም በዝግታ ሲያዞሩት መስመሩ ሰበር ብሎ አንድ ደረጃ ሲወርድ ያዩታል። ቀለሙ ሄማቶክሲሊንና ኢዮሲን ብቻ ከሆነ የብርሃኑን መዝጊያ ጠበብ ያድርጉት፤ መስመሮቹ ጎልተው ይወጣሉ።